ሰይፍ ያልደረሰበትን ብሩሽ ሲደርስበት

ጭፍራ ከወልድያ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ደጋና የአፋር ቆላ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ገበያዋ ላይ ሰውን በአለባበሱ መለየት ማንንም አያስቸግርም። ጋቢ የደረበው ከየት እንደወረደ፣ ሽርጥ ታጥቆ ጊሌ የሚባለውን ጩቤውን ወገቡ ላይ ያሰረው ከየት እንደመጣ፣ ጥቁር ሻሽ የተከናነበችው ሴት ባለትዳር መሆኗን ሁሉም ያውቃል። ገበያተኛው ይህን የሚያውቀው ለመገበያየት ነው። ሠዓሊ ግን ይህንኑ እውቀት ወስዶ ማን ከበላይ፣ ማን ከበታች እንደሆነ የሚናገር ምልክት ያደርገዋል። የምልክቱን ትርጉም የሚያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ጌታ ነው።

በአፋር ቆላ አልፈው ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ይወርዱ የነበሩት የሲራራ መንገዶች ጨው፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ብቻ አላመላለሱም፤ ሰውም በባርነት ተነድቶባቸዋል። ከኢትዮጵያ እየተሸጡ ቀይ ባሕርን ከተሻገሩት አንዱ በ1548 እ.ኤ.አ. ገደማ የተወለደው፣ በኋላ ማሊክ አምባር የተባለው ሰው ነው። ሞካ ላይ ተሸጠ። ባግዳድ ውስጥ የገዛው ጌታ አስተማረው፤ አምባር የሚለውንም ስም ያገኘው እዚያው ነው። በ1570ዎቹ መጀመሪያ ህንድ ተወስዶ በደካን ምድር ለአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ለጨንጊዝ ኻን ተሸጠ። ይህ ሹም ራሱ በባርነት የሄደ ሐበሻ ነበር። ሹሙ ሲሞት ሚስቱ አምባርን ነጻ አወጣችው።

በ1600 የሰሜን ህንድ ገዢዎች ሞጉሎች የአሕመድናጋርን ምሽግ ያዙ። አምባር ከንጉሣዊው ቤት አንድ ወጣት ልዑል ፈልጎ አነገሠ፣ ልጁን ዳረለት፣ እሱም እንደራሴ ሆኖ ሠራዊቱን መራ። ፈጣን ፈረሰኞቹ በሞጉል ጦር የስንቅ መንገድ ላይ በድንገት እየወረዱ፣ ግዙፉን ጦር ፊት ለፊት ሳይገጥሙ ያደክሙት ነበር። በ1610 ኻድኪ የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችው ናት። ከመሬት በታች በተዘረጋ ቦይም ውኃ አስገባላት። ለሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት ለጃሃንጊር አምባርን ማጥፋት ከትልልቅ ምኞቶቹ አንዱ ነበር፤ በሕይወት ዘመኑ አልተሳካለትም። ራሱ በጻፈው የዘመን ታሪክ ውስጥ የአምባርን ስም ባነሳ ቁጥር ስድብ ይጨምርበታል፤ ከስድቡም የፊቱን ጥቁረት የሚጠቅስ አለበት።

ጃሃንጊር በሜዳው ያጣውን በሥዕል ቤቱ አገኘው። አቡል ሐሰን የተባለው እውቅ ሠዓሊው በ1616 ገደማ የሠራው ሥዕል ዛሬ ደብሊን፣ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በክብ ምድር ላይ ቆሟል፤ ምድሪቱ በበሬ፣ በሬው በዓሣ ላይ ተቀምጠዋል። በምድሪቱ ላይ አራዊት ከከብቶች ጋር በሰላም ተኝተዋል፤ የፍትሕ ሚዛንም ተሰቅሏል። ጃሃንጊር ቀስቱን ለጥጦ ያነጣጠረው ከፊቱ በቆመ ጦር ጫፍ ላይ በተሰካ ጥቁር ጭንቅላት ላይ ነው። ጭንቅላቱ የማሊክ አምባር ነው። ከአጠገቡ ጉጉት ተሥሏል። በጥቃቅን የፋርስ ፊደል የተጻፉት ስንኞችም የንጉሡን ክብር ያወድሳሉ፣ ጠላቱንም ከጨለማና ከሌሊት ጋር ያገናኛሉ።

ሥዕሉን ሳየው የሚያስደነግጠኝ ጭካኔው ብቻ አይደለም። አምባር በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር፣ ራሱም አንገቱ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ሲዋጋ ኖሮ በ1626 በሽምግልና ሞተ። ሥዕሉ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ሲያሳይ ድሉን የተገባ ለማስመሰል የመረጠው መንገድ የሰውዬውን የቆዳ ቀለም የክፋቱ ማስረጃ ማድረግ ነው።

እዚያው የሞጉል ቤተ መንግሥት ውስጥ ግን ሐሺም የተባለ ሌላ ሠዓሊ፣ ትውልዱ ከደካን የሆነ፣ አምባርን በ1620ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሙሉ ቁመናውን ሥሎታል። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ሰይፍ የያዘ፣ ሰውነቱ የከበደ ሽማግሌ ነው። ጥቁረቱ አልተደበቀም፣ አልተጋነነምም። ያ ጭንቅላትና ይህ ሽማግሌ አንድ ሰው መሆናቸውን ከስማቸው በቀር የሚናገር ነገር የለም።

የጃሃንጊር ሥዕል ብቻውን የቆመ አይደለም። በ1599፣ አምባር ገና ሊነሣ ሲል፣ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ የስፔን መንግሥትም ተመሳሳይ ችግር ነበረበት። በዛሬዋ ኢኳዶር ጠረፍ፣ በኤስሜራልዳስ ደን ውስጥ፣ ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያን ከአገሬው ሕዝብ ጋር ተጋብተው የራሳቸው ገዢ ሆነው ይኖሩ ነበር። ስፔን በጦር ሞክራ አልቻለቻቸውም፤ በድርድር ታማኝነታቸውን ተቀበለች። ከዚያ በኪቶ የነበረ ዳኛ፣ አንድሬስ ሳንቼዝ ጋልኬ የተባለ የአገሬው ተወላጅ ሠዓሊ መሪያቸውን ዶን ፍራንሲስኮ ዴ አሮቤን ከሁለት ልጆቹ ጋር እንዲሥል አዞ ሥዕሉን ለንጉሥ ፊሊፕ 3ኛ ላከ። ሦስቱም የስፔን መኳንንት የሚያደርጉትን የተጠቀለለ ነጭ የአንገት ልብስ አድርገዋል። ጦርም ይዘዋል። ጆሯቸውና አፍንጫቸው ላይ የአገራቸው የወርቅ ጌጥ አለ። ሥዕሉ ላይ ስማቸውና ዕድሜያቸው ተጽፏል፤ አባትየው 56፣ ልጆቹ 22 እና 18። ማድሪድ ላለው ንጉሥ ሥዕሉ የሚለው ግልጽ ነው፤ እነዚህ ሰዎች አሁን ያንተ ናቸው። እኔ ግን የሦስቱን ዐይን ሳይ የተሸነፈ ሰው አላገኝም፤ ጋልኬም ያየው ይመስለኛል።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዛሬዋ ሜክሲኮ ነገሩ ወደ ሠንጠረዥ ተለወጠ። የካስታ ሥዕል ይባላል። ብዙውን ጊዜ 16 ሥዕሎች ተከታትለው ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አባት፣ እናትና ልጅ አሉ። ከላይ የትኛው ዘር ከየትኛው ተጋብቶ ምን እንደወለደ ተጽፏል። ስፔናዊና የአገሬው ሴት፣ ልጃቸው ሜስቲሶ፤ ስፔናዊና ጥቁር ሴት፣ ልጃቸው ሙላቶ፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ተራው ከስፔናዊው በራቀ ቁጥር ሐሩ ወደ ጨርቅ፣ ጨርቁ ወደ ቡትቶ ይለወጣል። ሚጌል ካብሬራ በ1763 የሠራቸው ከሁሉ የተዋቡት ናቸው፤ በእሱ እጅ ድሃውም ቢሆን ልጁን ሲያቅፍ የአባት ፍቅር ይነበብበታል። አንድሬስ ዴ ኢስላስ ግን በ1774 ስፔናዊ ባልና ጥቁር ሚስትን ሲሥል ሚስቲቱን ባሏን ስትመታ፣ ልጃቸውንም ልብሷን ይዛ ስትጎትት አሳይቷል። የሥዕሉ መልእክት ጠብ ከደም ይወረሳል የሚል ነው። በእውነተኛው የሜክሲኮ ጎዳና ላይ ሰው እንዲህ በመደብ ተደርድሮ አይገኝም ነበር፤ ብዙዎቹ ሥዕሎች ወደ ስፔን የተላኩትም መንገዱን ላላዩ ሰዎች ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ማዕረግን የሚናገሩበት የራሳቸው ሕግ አላቸው። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ወደ ተመልካቹ አዙሮ ሁለት ዐይኑ ይታያል፤ ኃጥእና ጠላት በጎን ይሣላል፣ አንድ ዐይን ብቻ ይቀርለታል። በጣና፣ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። የለበሰችው የከበረ ልብስ እቴጌነቷን፣ የተኛችበት ቦታ ደግሞ አገልጋይነቷን ይናገራል። ይህን እወደዋለሁ፤ ሥዕሉን ያሠራችው ራሷን ዝቅ ያደረገችበት ነውና። በሌላ በኩል ሰይጣን በየግድግዳው በጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ጻድቃኑም ብዙ ጊዜ ቀላ ተደርገው ነው የሚሣሉት። ያ ልማድ ጥቁር በተባለ ሰው ላይ ምን እንዳወረደ መጠየቅ የሚገባን እኛው ነን። ባሕላዊ ሠዓሊዎች ከሚወዷቸው ርእሶች አንዱ የኢማም አሕመድ ግራኝ ሞት ነው፤ የአንድ ዐይኑ ሕግ እዚያ ላይ ሲውል ከቆላው ወጥቶ ከኢማሙ ጋር የዘመተው ሁሉ ያለ ሁለተኛ ዐይን ይቀራል።

ሕጉን ከፍ አድርጎ ያሳየው የዓድዋ ሥዕል ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት በሸራ ላይ ሲሠራ ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዐይናቸው፣ ጣልያኖቹ በጎናቸው ይሰለፋሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረሱ አለ። ምኒልክ ዘውድ ደፍቶ፣ ጣይቱም ሽጉጥ ይዛ ይታያሉ። በኪቶና በሜክሲኮ ብሩሹ የገዢው ነበር፤ እዚህ ግን ሊገዛ የመጣውን ወታደር የሣለው ያልተገዛው ሰው ነው።

በሞጉል ሥዕል ቤት ግን በጎን መሣል ውርደት አልነበረም። ጃሃንጊር ራሱ የሚሣለው በጎኑ ነው፤ ሐሺምም አምባርን የሣለው እንዲሁ ነው። ያ ሥዕል ዛሬ ለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። እዚያው ለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ደግሞ የዓድዋ ሥዕል ይገኛል። በአንዲት ከተማ ውስጥ አንድ ሐበሻ በጎኑ ተሥሎ ይከበራል፣ የጣልያን ጭፍራም በጎኑ ተሥሎ ይወቀሳል።