ከ40 ሜትር በታች ለመጥለቅ ምን ያህል ያስወጣል?

በግብፅ የሲና ምድር፣ በደሃብ ከተማ አቅራቢያ፣ ብሉ ሆል የሚባል ጥልቅ የባሕር ጉድጓድ አለ። ከዳር ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። በኮራል ግድግዳው ላይ፣ 55 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሰፊው ባሕር የሚያስወጣ ቅስት ተከፍቷል። አንድ ሲሊንደር ተራ አየር ብቻ ተሸክመው በዚህ ቅስት ሊያልፉ የሞከሩ ብዙ ጠላቂዎች እዚያው ቀርተዋል፤ የመታሰቢያ ሰሌዳዎቻቸው ዳር ላይ ባለው ገደል ተለጥፈው ይታያሉ። ሥልጠናው፣ ትክክለኛው ጋዝና ተገቢው ዕቃ ያላቸው ግን ያንኑ ቅስት አልፈው ይመለሳሉ። የእነዚህኞቹ አጠላለቅ ቴክኒካል ዳይቪንግ ይባላል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም።

ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ድንበሩ 40 ሜትር ነው። አንድ ነገር ቢበላሽበት ቀስ ብሎ በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ቴክኒካል ጠላቂ ይህ ዕድል የለውም። በጥልቁ የተነፈሰው ጋዝ ደሙና ሥጋው ውስጥ ስለሚሟሟ፣ በድንገት ቢወጣ ጋዙ አረፋ ሆኖ ሽባ ሊያደርገው ወይም ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በየደረጃው እየቆመ ጋዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ ይጠብቃል። ግብፃዊው አህመድ ጋብር እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው በደሃብ 332.35 ሜትር ወርዶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ፣ መውረዱ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ወሰደበት። ለመውጣት ግን ወደ 14 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶበታል።

ወጪው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ወደ ላይ መሸሽ የማይችል ሰው ሕይወቱ የተንጠለጠለበትን ነገር ሁሉ በሁለት በሁለት መያዝ አለበት።

ጀርባው ላይ ሁለት ባለ12 ሊትር የብረት ሲሊንደሮች ይታሰራሉ። አናታቸውን የሚያገናኘው ቧንቧ ሦስት ቫልቮች አሉት፤ ሁለቱ የየሲሊንደሩ ናቸው፣ መካከለኛው ደግሞ አንዱ ወገን ሲያፈስ የሌላውን ጋዝ ለይቶ ያተርፋል። ጠላቂው እጁን ወደ ማጅራቱ ልኮ፣ ሳያይ፣ ሦስቱንም መዝጋትና መክፈት መቻል አለበት። ይህ ያቃተው ሠልጣኝ አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። ከሲሊንደሮቹ ሁለት መተንፈሻዎች ይወጣሉ። የአንዱ ጎማ ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ ጠላቂው ራሱ የሚተነፍሰውም በዚህ ነው። ሁለተኛው በላስቲክ ታስሮ አገጩ ሥር ይንጠለጠላል። ጓደኛው ጋዝ ቢያልቅበት፣ አፉ ውስጥ ያለውን አውጥቶ ይሰጠዋል፤ በዚያች ቅጽበት እንደሚሠራ በእርግጠኝነት የሚታወቀው እሱ ነውና። ለራሱ አገጩ ሥር ያለውን ይጎርሳል። የጎማው ርዝመት ሁለቱ ሰዎች በጠባብ መተላለፊያ ፊትና ኋላ ሆነው እንዲወጡ ያስችላቸዋል። ይህን አሠራር አዳብረው ለሌላው ያተረፉት የፍሎሪዳ ዋሻ ጠላቂዎች ናቸው።

ዋጋው በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ፣ ጥንዱ መተንፈሻ ከነመለኪያው 1,000 ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የተለያዩ ጋዞችን የሚያሰላ የእጅ ኮምፒውተር ሌላ 1,000 ያህል ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለሚገባ ሰው፣ ውኃ የማያስገባው ድራይ ሱት ከ1,500 እስከ 3,000 ይደርሳል። ሲሊንደሮቹ፣ ዊንግ የሚባለው ተንሳፋፊ ከረጢትና መብራቱ ሲደመሩ 5,000 ዶላር በቀላሉ ያልፋል። ሥልጠናው ገና አልተቆጠረም።

ዕቃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ጋዝ ግን ውኃ በተገባ ቁጥር ይከፈልበታል። ውኃው ወለል ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው፣ 60 ሜትር ላይ ግፊቱ ሰባት እጥፍ ስለሚሆን 140 ሊትር ይፈልጋል። በ200 ባር የተሞሉት ሁለት ሲሊንደሮች 4,800 ሊትር ይይዛሉ፤ 34 ደቂቃ ማለት ነው። ሁሉም አይነካም፤ የዋሻ ጠላቂዎች ደንብ ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ፣ የቀረውን ለክፉ ቀን ይመድባል። እዚያ ጥልቀት ላይ የተራ አየር ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ያሰክራል፣ ኦክስጅኑም ወደ መርዝነት ይቀርባል። ስለዚህ ሂሊየም ይጨመራል። 45 በመቶ ሂሊየም ያለው ድብልቅ ከ2,000 ሊትር በላይ ሂሊየም ይወስዳል፤ የዚህ ጋዝ ዋጋ ባለፉት ዓመታት በመናሩም አንድ ሙሌት ብቻ ከ100 ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ብዙዎችን ወደ ሪብሪዘር የሚስባቸው ይህ ሂሳብ ነው። መሣሪያው ጠላቂው ያስወጣውን ትንፋሽ መልሶ ይቀበላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በኬሚካል ያጣራል፣ ሰውነት የተጠቀመበትን ኦክስጅን ብቻ ይተካል። የሂሊየም ወጪው በአንዴ ያሽቆለቁላል። ሆኖም መሣሪያው ራሱ 10,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ የኦክስጅን መለኪያ ሴሎቹ ያረጃሉ፣ በየጊዜው ይቀየራሉ፤ ሥልጠናውም እንደገና ከሀ ይጀመራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ሪብሪዘሩ ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ጠላቂው አይታወቀውም፤ መለኪያውን ካላየ ራሱን ይስታል። ለጀማሪ የመጀመሪያ ግዢ መሆን የለበትም።

መቆጠብ የሚቻልበት ቦታ አለ። ዊንጉ የሚታሰርበት የማይዝግ የብረት ሳህን ዕድሜ የማይበግረው ስለሆነ ያገለገለውን መግዛት አያሰጋም። ያገለገለ መተንፈሻም በባለሙያ ተፈትቶ ከታደሰ ጥሩ ነው። ዛሬ ለመዝናኛ ዕቃ የሚገዛ፣ ነገ ግን ጠለቅ የማለት ሐሳብ ያለው ሰው፣ ከመዝናኛ ጠላቂዎች ተንሳፋፊ ጃኬት ይልቅ ሳህንና ዊንግ፣ ሲሊንደሩ ላይ በሚጠመዘዝ በዲን ማያያዣ የሚሠራ መተንፈሻም ቢመርጥ ሁለት ጊዜ ከመግዛት ይድናል።

በጋዝ ምርመራ ላይ ግን ቁጠባም ሆነ ችኮላ አይታሰብም። በመውጫው ላይ ከሌላ ሲሊንደር የሚተነፈሰው ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ወዲህ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ታች ሳለ ሲሊንደር ተሳስቶ እሱን የጎረሰ ጠላቂ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ መተንፈሻው ከአፉ ይወድቃል፣ ይሰምጣል። በዚህ ስህተት የሞቱ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች አሉ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ጠላቂ የራሱን ሲሊንደር በራሱ እጅ መርምሮ፣ የሚፈቀደውን ጥልቀት በትልቅ ቁጥር ጽፎ የሚለጥፈው።

ኢላት ወይም ጅዳ ለሚኖር አንባቢ ቀይ ባሕር ደጁ ነው። ሐሳቡ ካለው፣ ከሱቅ በፊት አሠልጣኝ ይፈልግ፤ ቲዲአይን ወይም ጂዩኢን የመሳሰሉ ድርጅቶች ያረጋገጡለት መሆኑንም ይጠይቅ። የመጀመሪያውን ኮርስ በኪራይ ሲሊንደርና በኪራይ መተንፈሻ ይውሰድ። የሚገዛውን ዝርዝር ከዚያ በኋላ ያውጣ።