በቀልድና በጥቃት መካከል ያለው ወሰን

በጎንደር ከተማና በአካባቢው ደጋ አዝማሪ በመሰንቆ ታጅቦ ታዳሚውን ሰምና ወርቅ ባለው ግጥም ይሸነቁጣል። ተነኪው በቦታው ስላለ ለአዝማሪው ግጥም ሰጥቶ አጸፋውን ይመልሳል፤ ጨዋታውም ከድግሱ ጋር ያበቃል። በኢንተርኔት የሚደረግ ትንኮሳ ግን ከዚህ ገደብ ሲወጣ፣ ይኸውም ተንኳሹ ስሙን ሲሸሽግ፣ ዘለፋው ሲደጋገምና ብዙዎች በአንድ ተማሪ ላይ ሲያብሩ፣ ቀልድነቱ ቀርቶ ጥቃት ይሆናል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ስለ አንድ ሰው መረጃ በተደጋጋሚ በማስተላለፍ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና መፍጠርን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ስለሆነም መምህራን ሊመዝኑ የሚገባቸው የተንኳሹን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በተጎጂው ላይ የደረሰውን ጫና ነው። ተማሪው ከትምህርት ገበታ መራቅ ከጀመረ «ቀልድ ነበር» የሚለው ምክንያት ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።