የወንበዴው ደሴትና የጣሊያን ወርቅ፦ የተቀበረ ሀብት ተረክ በልቦለድና በጎጃም



የዚህ ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ባሕር በሌለበት አገር ስለ ባሕር ወንበዴ ምን ይነገራል?» ሲል ቀለደብኝ። ባሕር ዳር የተባለ ከተማ ላለው ክልል ቀልዱ ሙሉ በሙሉ አይሠራም ብዬ አለፍኩት። ደግሞም የባሕር ወንበዴ ተረክ የሚቆመው በውኃው ላይ ሳይሆን በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ የተሰወረ ሀብት፣ ወደ ሀብቱ የሚመራ ምልክት፣ ባለቤት የሌለው ምድር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቡሬ ገበያ ግማሽ ቀን የዋለ ሰው ሲወሩ ይሰማል። ሦስተኛው ግን ከእኛ አገር የተገኘ አይመስለኝም፤ ከየት እንደመጣና ምን እንዳደረገብን ዛሬ ላስረዳ እሞክራለሁ።

ስለ ወንበዴ ደሴት ስናስብ በአእምሯችን የሚመጣውን ሥዕል በአብዛኛው የሠራው አንድ መጽሐፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ» የተሰኘውን ልቦለድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1881 ክረምት ነበር። መነሻው ከእንጀራ ልጁ ጋር ለጨዋታ የተሣለ የአንድ ደሴት ካርታ ነው፤ ታሪኩ ከካርታው በኋላ ተከተለ። መጀመሪያ በልጆች መጽሔት በተከታታይ ወጣ፣ በ1883 ደግሞ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ሽፋኑ የተገነጠለ አጭር ቅጂውን በሁለት ሌሊት በኩራዝ ጨርሼዋለሁ። ያን ጊዜ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ለመሆኑ ያ ወርቅ የማን ነው? ልቦለዱ ወርቁ ከተዘረፉ መርከቦች የመጣ መሆኑን አይደብቅም፤ ነገር ግን ከባለቤቶቹ አንዱም መጥቶ ገንዘቤን አይልም። በደሴቲቱ የሚገኘው ብቸኛ ነዋሪም ባልደረቦቹ ጥለውት የሄዱ መርከበኛ ነው። አንባቢው በንጹሕ ልብ ከቆፋሪዎቹ ጋር እንዲቆፍር ባለቤቱ አስቀድሞ ከታሪኩ መውጣት ነበረበት።

በእውነተኛው ታሪክ የባሕር ወንበዴዎች ሀብት የመቅበር ልማድ አልነበራቸውም። የሚዘርፉት በብዛት ስኳር፣ ጨርቅና ሌላ የንግድ ዕቃ ነበር፤ ያገኙትንም ተካፍለው ቶሎ ያጠፉታል። ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ምሳሌ ካፒቴን ዊልያም ኪድ ነው። ኪድ በ1699 በኒው ዮርክ አቅራቢያ ባለችው የጋርዲነር ደሴት ጥቂት ሀብት ቀበረ፤ ባለሥልጣናት ወዲያው አስወጥተው በእርሱ ላይ ማስረጃ አደረጉት፤ በ1701 ለንደን ላይ ተሰቀለ። የቀረው ሁሉ የደራሲዎች ሥራ ነው። ኤድጋር አለን ፖ በ1843 ባወጣው አጭር ልቦለድ የኪድን ወርቅ በምስጢር ጽሑፍ አስፈለገ። ራይደር ሃጋርድ ደግሞ ከወንድሙ ጋር እንደ ስቲቨንሰን ያለ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብሎ ተወራርዶ በ1885 «የንጉሥ ሰሎሞን የማዕድን ጉድጓዶች»ን አሳተመ። በሃጋርድ እጅ ደሴቲቱ ወደ የብስ ወጣችና አፍሪካ ሆነች። ሰው የሚኖርበት ምድር ካርታ ለያዘ መንገደኛ ክፍት የሆነው በዚህ ሽግግር ነው፤ ሲኒማውም እስከ ዛሬ ይህንኑ ይደግማል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። ወንበዴዎቹ ብዙም ያልቀበሩትን ያህል የእኛ ገበሬ በእውነት ይቀብር ነበር። ባንክ በሌለበት፣ ሠራዊት ሲያልፍ ከየቤቱ በሚበላበት ዘመን ጠገራ ብር በማሰሮ ተከቶ ከምድጃ ሥር ወይም ከበረት ጥግ ይቀበራል። ይህ የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። በላዩ የተቀረጸው ዓመተ ምሕረት 1780 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመታ ጠገራ ሁሉ መቼም ይመታ መች ይህንኑ ቁጥር ይይዛል። ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ በ1935 የቅርጹን መብት ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ አስመታችው፤ እንግሊዝ ከ1936 ጀምሮ ለንደን፣ በጦርነቱም ጊዜ ቦምቤይ አስመታችው። ስለዚህ አንድ ወጣት መሠረት ሲቆፍር ማሰሮ አግኝቶ 1780 የሚል ቢያነብ፣ የዘመነ መሳፍንት ሀብት አገኘሁ ብሎ ቢደነቅም ምናልባት ያገኘው የገዛ አያቱን የበሬ ዋጋ ነው። ቀባሪው ሚስጥሩን ለልጁ ሳይነግር ስለሞተ እንጂ ባለቤት ስለሌለው አይደለም።

ደሴትም አለን። ጎጃም በሰሜኑ ጣናን ይነካል፤ በሐይቁ ላይ ከ30 በላይ ደሴቶች አሉ፣ ከእነርሱም በብዙዎቹ ገዳማት ተተክለዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥል ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ውኃ ተሻግረው የተጠበቁት በእንዲህ ዓይነቶቹ ቦታዎች ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያርፋል፤ ስለ ጣና ቂርቆስ ደግሞ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ሳትሄድ 800 ዓመት እንደቆየችባት ትውፊቱ ይናገራል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ፍጹም የስቲቨንሰን ደሴት ይመስላል፤ ውኃ አለ፣ ታንኳ አለ፣ ወርቅ አለ፣ ሞተው የሚጠብቁ ነገሥታት አሉ። ነገር ግን ደሴቱ ሰው አለበት። ዕቃ ቤቱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ በታወቀ ሰው እጅ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ ነገር ይመሰክራል። በማቴዎስ ወንጌል በእርሻ ውስጥ ስለተሰወረው ሀብት የተነገረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያንን ሀብት «መዝገብ» ይለዋል። ዛሬ መዝገብ የምንለው ግን ዕቃና ስም የተጻፈበትን ደብተር ነው። አንድ ቃል ሀብቱንም የሀብቱን ጽሑፍም ይይዛል። በየገዳማቱ የርስት ስጦታና የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር የሚጻፈውም በወንጌሉ ነጭ ገጾች ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ወንጌል ዘወርቅ እንለዋለን። የወንበዴው ካርታ ሀብቱ የት እንዳለ ይናገራል፣ የማን እንደሆነ ይደብቃል። ወንጌል ዘወርቁ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሰጠው፣ የሰረቀው ወይም የፋቀው እንደሚወገዝ ይናገራል። (በምሳሌው ያለው ሰውም ሀብቱን አግኝቶ አልሮጠም፤ ያለውን ሸጦ እርሻውን ገዛ። ስቲቨንሰን ይህን ምዕራፍ አልጻፈውም።)

እንግዲህ እንዲህ ባለው አገር ባለቤት የሌለው ወርቅ እንዴት ገባ? መልሱ ጣሊያን ነው።

በዚህ መንገድ ዳር ያደግን ሁሉ «ጣሊያን ቀብሮት የሄደው ወርቅ» ሲባል ሰምተናል። ታሪካዊ መነሻ አለው። በ1933 ዓ.ም. የዊንጌት የጌዴዎን ኃይልና የጎጃም አርበኞች ሲገፉት በቁጥር እጅግ የሚበልጠው የቡሬ የጣሊያን ጦር በየካቲት መጨረሻ ምሽጉን ለቆ በማንኩሳና በደምበጫ በኩል አፈገፈገ። ስሟን ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ጋር የምታያይዘው ፍኖተ ሰላምም በዚሁ መንገድ ላይ ናት። በጥድፊያ የሚሸሽ ጦር ብዙ ነገር ጥሎ ይሄዳል፤ ጥይት፣ ቆርቆሮ፣ ወረቀት። ወርቅ ግን ከሁሉ በፊት የሚጫን፣ ለመሸከምም የሚቀል ነው። ይልቅ በዚያ ዓመት በእርግጥ ወደ ጎጃም ገንዘብ ያመጣው ሌላው ወገን ነበር፤ ከሱዳን በኩል ለአርበኞች የሚከፈል ጠገራ ብር በጭነት ይገባ ነበር። ይህን ብር ፍለጋ የሚቆፍር ግን አላየሁም፤ ባለቤቱ ይታወቃላ!

አንድ የቤተሰቤን ነገር ልናገር። በቡሬ ገጠር የሚኖር አጎቴ፣ እኔ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ፣ ለደላላ ሁለት በሬ ሸጦ ሰጠ። ደላላው የጣሊያን ካርታ አለኝ አለው። ወጪው ብዙ ነበር፦ ወርቅ ለሚጠቁም መሣሪያ፣ ጠባቂውን መንፈስ ለሚያስር ሰው፣ ለገብስማ ዶሮ። ለእረፍት ስመጣ አጎቴ ካርታውን ከጨርቅ ፈትቶ «አንተ ልጅ፣ የፈረንጅ ፊደል ታውቃለህና እስቲ ተመልከትልኝ» አለኝ። የወፍጮ ሞተር መመሪያ አንድ ገጽ ነበር፤ ቀስትና ቁጥር የያዘው ሥዕል የሞተሩን ብሎኖች ያሳያል። ነገርኩት። አላመነኝም። «አያ፣ ቢገኝስ የማን ይሆናል?» ብዬ ብጠይቀው «የጣሊያን ነዋ! ታዲያ የጣሊያን ከሆነ ማን ይከሰናል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ስለ ተረክ አስተምሬአለሁ፤ ከአጎቴ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። በባህላችን የሌላ ሰው ቅርስ ቆፍሮ መውሰድ ነውር ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ከሆነም ውግዘት አለበት። ጣሊያን ግን ዘርፎ የሄደ ባዕድ ነው፤ ከእርሱ የሚወሰድ ነገር ለኅሊና አይከብድም። ጣሊያን የእኛ የባሕር ወንበዴ ነው። ደላላው የሚሸጠው ካርታ ከመሆኑ በፊት ይህንን የኅሊና ፈቃድ ነው፤ ስለዚህም የተማረውም ያልተማረውም ይገዛዋል።

የአጎቴን ጉድጓድ ሄጄ አይቻለሁ። ከኮረብታው ጎን ከሰው ቁመት በላይ ወርደዋል፤ በዳሩ የተከመረው አፈር አመድና ያጌጠ የሸክላ ስባሪ ነበረበት። ሰዎቹ ስባሪውን ወርቅ ስላልሆነ ጥለውታል፤ እኔም ረግጬው አለፍኩ። ሰው የኖረበት የቆየ ቦታ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ቁፋሮ ጥናት ሳነብ ነው፤ ያን ጊዜ ኮረብታው ተቆፋፍሮ አልቋል። የአፈሩ ንብርብር አንዴ ከተደባለቀ ማን መቼ እንደኖረበት የሚነግር ነገር አይቀርም። ቅርስ ለመቆፈር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል። አዋጁ ግን በየቀበሌው ከደላላው ቀድሞ አይደርስም።

ከመጨረሴ በፊት ወደ ስቲቨንሰን ልመለስ። የተወለደው በ1850 ኤድንብራ ነው። የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ዳላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪልም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። በዚያው ሙዚየም ዛሬ 11 ታቦታት ለሕዝብ ሳይታዩ ተዘግቶባቸው ይገኛሉ። በ2001 ደግሞ በዚያችው በኤድንብራ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ የመቅደላ ታቦት ተገኘ። ያወቀው ቀድሞ በኢትዮጵያ የኖረ ካህን ነው። በቀጣዩ ዓመት ታቦቱ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በዝማሬ ወጥቶ ተቀበለው። ደራሲው በልጅነቱ ባደገባት ከተማ የተሰወረ እውነተኛ ሀብት ነበረ፤ ለመገኘቱም ካርታ አላስፈለገም፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው በቃ።

ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ አለኝ። በመጪው እረፍት ወደየቀበሌያችሁ ስትሄዱ ስለተቀበረ ሀብት የሚነገረውን ጻፉ፦ ማን ነገራችሁ፣ እርሱስ ከማን ሰማው፣ ቦታው የት ነው፣ ባለቤቱ ማን ነው ይባላል። ቦታውን ለእኔ ንገሩኝ፣ ለደላላ አትንገሩ። የተቆፈረ አፈር ዳር ሸክላ ብታዩ ሳታነሡ ፎቶ አንሥታችሁ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።