አካቶ ትምህርት ከዕቅዱ ይጀምራል

አካቶ ትምህርት አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ልጆች በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ብቻ ተደርጎ ሲወሰድ ይታያል። መዝግቦ ማስገባት ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ መምህሩ የዕለቱን ትምህርት ሲያቅድ ገና ከመነሻው የማያየውን፣ የማይሰማውን፣ ቀስ ብሎ የሚያነበውንና በቤቱ አማርኛ የማይናገረውን ልጅ አስቦ ማዘጋጀቱ ነው። ዕቅዱ «ለመካከለኛው ተማሪ» ካለቀ በኋላ ለቀሩት ማካካሻ መፈለግ ዘወትር ከትምህርቱ ኋላ መሮጥ ይሆናል።

ሐሳቡ የመነጨው ከሥነ ሕንፃ ነው። በልጅነታቸው በፖሊዮ ታመው በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀሱ የነበሩት አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ፣ ሕንፃ ካለቀ በኋላ መወጣጫ ከመቀጠል ይልቅ ንድፉ ከጅምሩ ለሁሉም እንዲሆን ይወተውቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ የተቋቋመው ካስት የተባለ የምርምር ድርጅት ይህን አስተሳሰብ ወደ ማስተማር አመጣው፤ መሥራቾቹ ዴቪድ ሮዝና አን ማየርም ሁለንተናዊ የመማር ንድፍ የሚባለውን አሠራር ቀረጹ። አሠራሩ መምህሩ ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ያደርገዋል፦ ተማሪው ትምህርቱን በምን በምን መንገድ ያገኘዋል? ያወቀውን በምን በምን ያሳያል? ለመማር የሚያነሣሣውስ ምንድን ነው?

እንቅፋቱ ከልጁ ሳይሆን ከአቀራረቡ እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአብነት ትምህርት ቤቶች ዜማውም ቅኔውም በአብዛኛው በቃል ስለሚሰጥ ዓይነ ስውራን ከሌላው ተማሪ እኩል ተምረው መምህራን እስከ መሆን ደርሰዋል። ይኸው በጆሮ ላይ የቆመ ሥርዓት መስማት ለተሳነው ልጅ ግን ቦታ አልነበረውም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት መጽሐፍና ጥቁር ሰሌዳ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ዓይነ ስውሩ ተማሪ ከውጭ ቀረ። ልጆቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የትምህርቱ መንገድ ነው።

ፊደል ማስተማር ይህንኑ ያሳያል። ብሬል በስድስት ነጥቦች 63 ምልክቶችን ብቻ ስለሚሰጥ ከ200 በላይ የሆኑትን ፊደላት አንድ በአንድ ሊወክል አይችልም፤ ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ፊደሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ ይከፍለዋል። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ደግሞ የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ዘር፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ያመለክታል። ሁለቱም የፊደል ገበታውን ውስጣዊ ሥርዓት አጉልተው ያወጡታል። መምህሩ ይህን ክፍፍል ለመላው ክፍል ቢያሳይ ማየትና መስማት የሚችለው ጀማሪ አንባቢም ገበታውን ከመሸምደድ ያለፈ ነገር ያገኛል።

ለምሳሌ በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት አካባቢ፣ ስለ ዕፅዋት የሚሰጥ ትምህርት ታቀደ ይባል። መማሪያው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ይሁን። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ሰፊና አመድማ ሲሆን የአዋቂው ረዥምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ ሁለቱን በእጅ ዳሶ መለየት፣ ዘይቱንም ጨምቆ በማሽተት ማወቅ ይቻላል። ማስታወሻ አስገልብጦ ከመጀመር ይልቅ ቅጠሉን በየዴስኩ ማደል፣ ቁልፍ ቃላቱን ከምልክታቸው ጋር ቀድሞ ማስተዋወቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስገባል። ከሰሌዳ መገልበጥ ውስን የሆነውን የአእምሮ የሥራ ትውስታ በፊደል ለቀማ ይይዘዋልና ለትርጉሙ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እናቱ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ልጅም ስለዚህ ዛፍ ከመጽሐፉ ያላነሰ ያውቃል፤ ዕቅዱ ግን ዕውቀቱን የሚጠይቅበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ተማሪው ያወቀውን ሲያሳይ መጻፍ፣ መናገር፣ በምልክት ማስረዳት ወይም መሳል ይችላል። ይህ የሚሠራው ግቡ የዕፅዋት ዕውቀት ሲሆን ነው። ግቡ ራሱ ጽሕፈት ከሆነ በሥዕል መተካት ትምህርቱን ማስቀረት ይሆናል። ተማሪዎችን «በዓይን የሚማር»፣ «በጆሮ የሚማር» ብሎ መመደብም የዚህ አሠራር አካል አይደለም፤ እንዲህ ያለው አመዳደብ በየሥልጠናው ቢዘወተርም ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘለትም።

ሕጉ ካለ ቆይቷል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። ሕጉን በክፍል የሚተገብሩትን መምህራን የማዘጋጀቱ ትልቁ ድርሻ ግን፣ እዚያው የካ ውስጥ የሚገኘውን የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ የማሠልጠኛ ተቋማት ነው። ብሬል መጻሕፍትና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በጀት ይጠይቃሉ፤ በተጨናነቀ ክፍልም አካቶ ማስተማር መምህሩ ብቻውን የሚወጣው ነገር አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣውን ልጅ ክፍል ምድር ቤት ማድረግ ግን ምንም ወጪ የለውም፤ የክፍል ድልድሉ ሳይለጠፍ፣ ምዝገባው ላይ መወሰን ብቻ ይበቃዋል።