ልጃችን በስልኳ ሙያ እየተማረች ነው ወይስ እየተጫወተች?

ልጆቻቸውን ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የላኩ እናቶች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልጄ የኤሌክትሪክ ሥራ ልትማር ገብታ እንዴት ስልክ ላይ አፍጥጣ ታመሻለች?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከወር ደመወዟ የቤት ኪራዩን፣ የአስቤዛውንና የትራንስፖርቱን ከፍላ የሚተርፋት ጥቂት የሆነ ሠራተኛ እናት፣ የዕቁብ ገንዘቧን ለልጇ ስልክ መግዣ ስታውል ለቁም ነገር መዋሉን ማወቅ መብቷ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 በኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ በካርል ዊማን አነሣሽነት የተጀመረና «ፌት» በመባል የሚታወቅ ነፃ የመለማመጃ ፕሮግራም አለ። ሠልጣኟ በስልኳ መስታወት ላይ ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ በጣቷ እየጎተተች ታገናኛለች። ግንኙነቱ ትክክል ሲሆን አምፖሉ ይበራል። የባትሪውን ሁለት ጫፎች በባዶ ሽቦ ያገናኘች እንደሆነ ግን በሥዕሉ ላይ እሳት ይነሣል። ማንም አልተቃጠለም፤ ዕቃም አልተበላሸም። ሽቦውን አንሥታ እንደገና ትሞክራለች።

የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ አንዲት እናት ያጫወቱን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቤታቸው የእንጀራ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ሶኬቱ ይግል፣ ፕላስቲኩም ይሸት ነበር። «አንቺ ተማሪዋ፣ እስቲ ምክንያቱን ንገሪኝ» አሏት ልጃቸውን። ልጅቷም «እማዬ፣ ምጣዱ 3500 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ይህ ቀጭን ሽቦ የተዘረጋው ለመብራት ስለሆነ አይችለውም» ስትል መለሰችላቸው። እናትየዋ ስሌቱ ባይገባቸውም ልጃቸው የምትናገረውን እንደምታውቅ ገባቸው። ምጣዱም በባለሙያ ወፍራም ሽቦ እስኪዘረጋለት ድረስ ከሶኬቱ ተነቀለ። (ሶኬቱ የሚሸትበት ቤት ሁሉ ይህን ልብ ይበል።) ልጅ ስትተኛ ስልኳን ከመበርበር ይልቅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ መጠየቅ እጅግ ይሻላል።

ይሁን እንጂ መስታወቱ የማይሰጠው ብዙ ነገር አለ። ሽቦ ሲላጥ መዳቡ እንዳይቆረጥ እጅ ምን ያህል መጨበጥ እንዳለበት፣ ብሎን ጠብቆ የት ላይ እንደሚቆም የሚታወቀው በፒንሳና በካቻቢቴ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይህ ጉድለት ጎልቶ ታየ። የቀለሙን ትምህርት በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ ብየዳን ግን ማን ይልካል? በሌላ በኩል አስቀድሞ በመስታወት ላይ መለማመድ ሕይወት የሚያድንበት ሥራም አለ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የአውቶ መካኒክ ሠልጣኝ የኤሌክትሪክ መኪና ማወቅ ግድ ሆኖበታል። የዚህ መኪና ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዘ በመሆኑ በሙከራ የሚነካ አይደለም።

ለሴት ልጅ ጉዳዩ ሌላም መልክ አለው። በወርክሾፕ አንድ መልቲሜትር ለብዙ ሠልጣኝ ሲደርስ ወንዶቹ መሣሪያውን ይይዛሉ፤ እርሷ «ጽሑፍሽ ያምራል» ተብላ ውጤቱን እንድትመዘግብ ትደረጋለች። በስልኳ ስትለማመድ ግን ተራዋን የሚወስድባት የለም። ቤት ስትገባ ደግሞ ስልኩን ወንድሟ ይወስደዋል፤ እርሷን ወጥ ቤት ይጠብቃታል። ስልክ ተገዝቶላት ሰዓት ካልተሰጣት ምንም እንዳልተገዛላት ይቆጠራል። እራት ከቀረበ በኋላ ሳህኑን ወንድሟ ቢያጥብ የሚጎዳው ነገር አይታየንም።

የኢንተርኔቱ ወጪ ብዙ እናቶችን ያሳስባል። ከላይ የጠቀስነው የኤሌክትሪክ መለማመጃ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከጓደኛ ጓደኛም ይተላለፋል። ቪዲዮ ግን ጥቅሉን ቶሎ ይጨርሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግ መማር የምትፈልግ ልጅም የምስክር ወረቀት በነፃ ታገኛለች። የሚያስቸግረው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ቋንቋው የከበዳት ልጅ ከባልንጀሮቿ ጋር ሁለት ሦስት ሆነው ቢያጠኑ ይቀላቸዋል።

ጥያቄው ለልጅ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። አሠልጣኞቿንም «ልጄ በሳምንት ስንት ሰዓት ወርክሾፕ ትገባለች? መልቲሜትሩን በእጇ ይዛ ትለካለች ወይስ ሌላው ሲለካ ትጽፋለች?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በሙያ ብቃት ምዘናው የተግባር ፈተና መዛኙ የሚያየው እጇን ነውና ይህን ለመጠየቅ የወላጆች ስብሰባ እስኪጠራ መቆየት አያስፈልግም።