ሳይቆጠር የተቃጠለ ድምፅ

በአሜሪካ ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይመጣል። መራጩ ድምፁን ሰጥቷል፣ በወረቀቱ ወይም በአሠራሩ ላይ ግን የሆነ ነገር ጎድሏል። ድምፁ ይቆጠር ወይስ ይጣል? በፔንሲልቬንያ መራጩ ድምፁን በላከበት ፖስታ ላይ ቀን ባለመጻፉ ብቻ የተጣለ ድምፅ ጉዳይ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ወገን «ሕግ ሕግ ነው» ይላል፤ ሌላው «የመራጩ ፈቃድ ይቅደም» ይላል። ከውጭ ሆኖ የሚያደምጥ ሰው ሁለቱም እውነት እየመሰሉት ግራ ይጋባል።

ይህ ክርክር ከአገሪቱ ጋር እኩል ያረጀ ነው ማለት ይቻላል። ጥርት ብሎ የሚታየውም እ.ኤ.አ. በ1792 በተካሄደው የኒው ዮርክ ገዥ ምርጫ ነው። ከ1777 ጀምሮ ወንበሩን የያዘው ጆርጅ ክሊንተን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ዋና ዳኛ ከሆነው ከጆን ጄይ ጋር ተፎካከረ። የታወጀው ውጤት ክሊንተን 8,440፣ ጄይ 8,332 ነበር፤ ልዩነቱ 108 ድምፅ። በዚህ ድምር ውስጥ ግን ኦትሴጎ፣ ታዮጋና ክሊንተን የሚባሉት ሦስት ካውንቲዎች የሉበትም። ኦትሴጎ ብቻዋን ጄይን በ400 ገደማ ድምፅ ታስበልጠው እንደነበር ይታመናል።

የሦስቱም ኮሮጆዎች ጥፋት የአመጣጣቸው ነገር ነው። በኦትሴጎ የነባሩ ሸሪፍ የሹመት ዘመን አብቅቷል፤ አዲስ የተሾመው ደግሞ ገና ሥራውን አልተረከበም። ኮሮጆውን ነባሩ ሸሪፍ ላከው። በታዮጋ እንዲያደርስ የተወከለው ሰው መንገድ ላይ ታሞ ለራሱ ጸሐፊ አስረከበው። በክሊንተን ካውንቲ አድራሹ የጽሑፍ ውክልና አልነበረውም። ድምፁን የሚቆጥረው አጣሪ ኮሚቴ ሁለቱን የግዛቲቱን የፌዴራል ሴናተሮች፣ ሩፈስ ኪንግንና አሮን በርን፣ ምክር ጠየቀ። የኦትሴጎን ድምፅ ኪንግ «ይቆጠር» ሲል በር «አይቆጠር» አለ። አብዛኛው አባሉ የክሊንተን ደጋፊ የነበረው ኮሚቴ የኦትሴጎን ኮሮጆ 7 ለ 4 ውድቅ አደረገ። ከዚያም የሦስቱ ካውንቲዎች ድምፅ ሳይቆጠር ተቃጠለ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሌብነት ታሪክ ሆኖ ነው፤ ክሊንተን ሰረቀ፣ ጄይ ተሰረቀ ይባላል። ይህ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ዋናውን ምክንያት ይሸፍንብናል። ጥያቄው ሰባቱ ሰዎች ለምን አዳሉ ሳይሆን፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ድምፅ እንዴት በሰባት ሰዎች እጅ ሊወድቅ ቻለ የሚለው ነው።

መልሱ በቆጠራው ቦታ ላይ ይገኛል። በጊዜው ሕግ የገዥው ምርጫ ድምፅ በተሰጠበት ቦታ አይቆጠርም ነበር። ታሽጎ ለሸሪፉ ይሰጣል፣ ሸሪፉ ወደ ግዛቲቱ ጸሐፊ ቢሮ ይልካል፣ እዚያ ከሕግ አውጪው ምክር ቤት የተውጣጣ ኮሚቴ ከፍቶ ይቆጥራል። የኮሚቴው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ስለዚህ የመራጩ ድምፅ ዕጣ በአንድ ተሸካሚ ሰው የሹመት ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ። ያንን ሸሪፍ የሚሾመው የሹመት ምክር ቤት ሰብሳቢ ደግሞ ገዥው ራሱ፣ ክሊንተን ነበር። ሹመቱ ሲዘገይ የሚጎዳው መራጩ ነው፤ በመዘግየቱ ሊጠቀም የሚችለው ደግሞ ሿሚው።

ዛሬ በኢትዮጵያም ሕጉ ቆጠራው በምርጫ ጣቢያው እንዲካሄድና ውጤቱ እዚያው እንዲለጠፍ ያዛል። ለብዙዎቻችን ተራ የአሠራር ጉዳይ ይመስለናል። የኦትሴጎ ገበሬ ግን በምርጫ ቦታው በራፍ ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ቢኖረው ኖሮ፣ ኮሮጆው ቢቃጠል እንኳ ቁጥሩ አይቃጠልበትም ነበር።

ኦትሴጎ ንጹሕ ነበረች ማለቴም አይደለም። የአካባቢው ባለመሬትና ዳኛ ዊልያም ኩፐር፣ ዕዳ ያለባቸውንና መሬት የገዙትን ሰዎች ጄይን እንዲመርጡ አስጨንቋል ተብሎ ተከሷል። የመምረጥ መብት የነበረውም ርስቱ 100 ፓውንድ የሚያወጣ ሰው ብቻ ነበር። ማስገደድ ከነበረ ግን መፍትሔው አስገዳጁን መጠየቅ ነው። ኮሚቴው ግን የመዘነው የአድራሹን ወረቀት እንጂ የመራጩን ነጻነት አይደለም።

መዘዙ ከባድ ነበር። በየከተማው ሰው ተቆጥቶ ተሰበሰበ፤ ክሊንተን በጉልበት ይውረድ የሚሉም ነበሩ። ነገሩን ያበረደው ጄይ ነው። ለሚስቱ ሲጽፍ፣ ግዛቲቱን ከመግዛት ይልቅ ራሱን መግዛቱ ኋላ እንደሚበልጥበት ነገራት። ደጋፊዎቹንም አረጋጋ። በ1795 ክሊንተን ሳይወዳደር ቀርቶ፣ ጄይ ለድርድር እንግሊዝ ሄዶ ሳለ ተመረጠ። በ1800 ደግሞ አሌክሳንደር ሃሚልተን የፕሬዚዳንት መራጮች አሰያየም ደንብ ለፓርቲያቸው እንዲመች ምክር ቤቱን ጠርቶ እንዲያስለውጥ ሲጽፍለት፣ ጄይ ይህ ለእኔ የማይገባ ነው ብሎ በደብዳቤው ላይ አስፍሮ አስቀመጠው። የተበደለበትን መንገድ በሌላው ላይ አልሄደበትም።

በዚህ ሰውዬ ልቤ ይነካል። ቢሆንም ታሪኩን በእሱ ትዕግሥት መዝጋት አደገኛ ነው። በ1792 ሰላም የተገኘው ተሸናፊው ጄይ ሆኖ በመገኘቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ተሸናፊ ደግሞ በየምርጫው አይገኝም። ስለዚህ «ይቆጠር ወይስ ይጣል» የሚለውን ክርክር ስንሰማ፣ ከሁለቱ ጎራ አንዱን ከመምረጣችን በፊት ሌላ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ድምፁ ሲሰጥ ያየ፣ ሲቆጠርም ያየ፣ ቁጥሩንም በእጁ የያዘ ሰው በዚያው አካባቢ አለ ወይ? በኦትሴጎ አልነበረም። ለዚህም ነው በዚያ ዓመት ኒው ዮርክ በእርግጥ ማንን እንደመረጠች እስከ ዛሬ ማንም የማያውቀው።