«ቀለም» እና «ሕብር»፤ የብዕር ቀለምን ስለ መምረጥና ስለ መሰየም

«ቀለም» በአማርኛ ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። በብልቃጥ የሚሸጠው ፈሳሽ ቀለም ነው፤ የፈሳሹም መልክ፣ ማለት ቀይነቱ ወይም ሰማያዊነቱ፣ ቀለም ይባላል። በግጥም ትምህርት የስንኝ ምጣኔ በቀለም ይቆጠራል፤ የተማረም ሰው «ቀለም ቀመስ» ነው። የቃሉ ዘር ከዐረብኛው «ቀለም» እና ከግሪኩ «ካላሞስ» ጋር የሚገናኝ ሲሆን፣ በዐረብኛው ብዕር፣ በግሪኩ መቃ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን የመሣሪያው ስም ወደ ፈሳሹ ተዛውሯል። ለመሣሪያው የያዝነው «ብዕር» ራሱ ከግእዙ «ብርዕ»፣ ማለት ከመቃ፣ የመጣ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው።

በዕለት ንግግር ዐውዱ ትርጉሙን ስለሚለይ ችግር የለም። ስለ ብዕር ቀለም ሲነገር ግን ችግሩ ይነሣል። አንድ ገዢ «ቀለሙ ጥሩ አይደለም» ቢል፣ ፈሳሹ ብዕሩን ይዘጋል ማለቱ ነው ወይስ መልኩ አላማረኝም ማለቱ? በዚህ ጽሑፍ ለፈሳሹ «ቀለም»፣ ለመልኩ «ሕብር» እንላለን። «መልክ» የሚለው የሕዝብ ቃል ቢሆንም ከፊት ገጽታ ጋር ስለ ተቆራኘ ለሙያ ቃልነት አይመችም። «ሕብር» ከ«ኅብረት» ጋር እንዳይምታታ በሐመሩ «ሐ» ቢጻፍ ይሻላል። በቅኔ ቤት የራሱ ትርጉም አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም ቅኔ ቆጣሪና ቀለም ሻጭ በአንድ ገበያ አይጋጩም።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት ጣሪያው ባፈሰሰ አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ የረጠበ የልደት መዝገብ ተመልክቼ ነበር። በአንዱ ገጽ ላይ የሁለት ጸሐፊዎች እጅ ይታያል። የአንደኛው መሥመር እንደ ጠቆረ ቆሟል፤ የሁለተኛው ወደ ውሃ ሰማያዊ እድፍነት ተለውጦ የሕፃናቱ ስም አይነበብም። ቀለሙ በተገዛበት የመጠየቂያ ወረቀት ላይ ግን ለሁለቱም የተጻፈው አንድ ስም ነበር፤ «ጥቁር ሰማያዊ ቀለም»።

በዚህ ስም የሚጠሩት በባሕርያቸው የተለያዩ ሁለት ቀለሞች ናቸው። የመጀመሪያው በውሃ የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ አብዛኛው የዛሬ የብዕር ቀለም ከዚህ ወገን ነው። ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይደርቃል፣ ውሃ ሲያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ መልሶ ይሟሟል። ሁለተኛው የሚሠራው ከብረት ጨውና ቆዳ ለማልፋት ከሚያገለግለው ታኒን ነው። ይህ ውሁድ ሲጻፍበት ገና ፈዛዛ ስለ ሆነ፣ ጸሐፊው የሚጽፈውን እንዲያይ ሰማያዊ ማቅለሚያ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ የአየሩ ኦክሲጅን ብረቱን ሲያገኘው ውሁዱ ይጠቁርና ውሃ የማያሟሟው ሆኖ ከወረቀቱ ጭረት ጋር ይጣበቃል። በእንግሊዝ አገር የልደትና የጋብቻ መዝገብ ለረጅም ዘመን በዚህ ዓይነት ቀለም የተጻፈው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ «ጥቁር ሰማያዊ» በአማርኛ፣ እንደ «ጥቁር አረንጓዴ» ሁሉ፣ የቆመ ሕብርን ያመለክታል። የብረቱ ቀለም ግን መለያው ሕብሩ ሳይሆን ግብሩ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ተጽፎ ይጠቁራል። ስለዚህ «ጠቋሪ ሰማያዊ» እንዲባል አሳስባለሁ። ብረት የሌለበት ቀለም በአሮጌው ስሙ ይቆይ። ጠቋሪው አሲድነት ስላለው ብዕር ውስጥ ደርቆ እንዲቆይ አይተውም፤ በየጊዜው በንጹሕ ውሃ ብዕሩን ማጠብ ያስፈልጋል።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ከሁለቱም ይለያል። መሠረቱ ጥላሸት ወይም የከሰለ ነገር በመሆኑ በብርሃን አይነጣም፤ ጥቁርነቱን ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የምናየው ለዚህ ነው። ነገር ግን ደቂቁ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። ለመቃ ብዕር ይስማማል፤ በቀጭን ቦይ ቀለም ለሚወርድበት ብዕር ግን መድፈኛ ነው።

ሕብርን በብልቃጡ ወይም በካርቶኑ ላይ በታተመው ናሙና መፍረድ ስሕተት ነው። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቀለም ብዙውን ጊዜ ጥቁር ይመስላል። ሊጻፍበት በታሰበው ብዕር፣ ሊጻፍበት በታሰበው ወረቀት ላይ መሞከር ያሻል፤ ሰፊ ጫፍ ብዙ ቀለም ስለሚያወርድ ሕብሩን ያጠልቃል፣ ቀጭን ጫፍ ያፈዝዛል። መጣጭ ወረቀት ደግሞ የፊደሉን ጠርዝ ያበላሻል፤ ይህን «ሥር ማውጣት» ብንለው ዓይን ያየውን ይገልጻል። ያልደረቀ ጽሕፈት ስለሚያታልል እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያም በመስኮት ብርሃንና በመብራት ሥር ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል፤ በቀን አንድ የሚመስሉ ሁለት ሕብሮች ማታ ሊለያዩ ይችላሉና።

ቀለሙ ከምን ከምን እንደ ተቀየጠ ማወቅ የፈለገ፣ በመምጠጫ ወረቀት ቁራጭ ላይ ጠብታ አኑሮ የወረቀቱን ጫፍ ውሃ ያስነካ። ውሃው ሲወጣ ማቅለሚያዎቹን በየፍጥነታቸው ይጎትታቸዋል፤ ብዙ «ጥቁር» ቀለሞች በዚህ ጊዜ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ጠርዝ ያሳያሉ። የብርሃን ፈተናው ከዚህም ይቀልላል። የደረቀውን ናሙና ግማሹን መጽሐፍ ውስጥ ሸሽጎ ግማሹን ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ መተው፣ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ሁለቱን ግማሾች ጎን ለጎን ማየት ነው።